ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ለሐዘንተኛ እንዴት ይደረሳል

ሰላም ናችሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ከዛ ወዲህ እዚህ ጅማ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ በሆነ ቁጥር አንድ ሰው ወይ ይመጣና ወይ ይደውልና «እነ እንትና ቤት ልሄድ ነው፣ ምን ልበል፣ ምን ይዤ ልሂድ» ይለኛል፣ ባል መቅበር ዲፕሎማ የሚያሰጥ ይመስል። እኔ የማውቀው የተደረገልኝንና የቀረብኝን ብቻ ነው። እሱን አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ቡና ካላችሁ ቅዱ።

መቼም እኛ ጋ ለቅሶ ሰው አያጣም፣ በዚህ አንታማም። የእድር ጥሩምባ ከተነፋ ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ትልልቅ ድስት ተጥዶ ታገኙታላችሁ፣ ማን እንደጣደው እንኳን አይታወቅም። እስከ ሣልስት ድረስ ሐዘንተኛ ለሽንት እንኳን ብቻውን አይወጣም። ችግሩ አራተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ይፈታል፣ እድሩ ወንበሩን ቆጥሮ በጋሪ ጭኖ ይሄዳል፣ ግቢው ላይ የካስማው ጉድጓድ ብቻ ይቀራል፣ በጅማ ክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ይሞላል። ዋናው ወሬዬ እሱ ላይ ነው፣ ግን ከመርዶው ልጀምር፣ እሱም እየተበላሸ ስለመጣ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሜሴጅማ ጭራሽ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፣ ንጋት ላይ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ከተቻለ የነፍስ አባቱን ወይ የሚከበር ሽማግሌ ይዞ ነው የሚኬደው። ንጋት የተመረጠው እንዲያው አይደለም፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሰው ከጎኑ አይጠፋም፣ ማታ የሰማ ግን ሌሊቱን ከራሱ ጋር ነው የሚያድረው። አሁን ይሄን ሁሉ ሶሻል ሚዲያ ቀደመው። የኔ ባለቤት ያረፈ ዕለት ገና አስከሬኑ ቤት ሳይገባ አንድ የሚያውቀን ሰው ፎቶውን «ነፍስ ይማር ወንድሜ» ብሎ ፖስት አደረገው፣ ቤሩት ያለችው እህቱ ሥራ ላይ እያለች ስልኳ ላይ አየችው። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ጮኻ ማልቀስ እንኳን አትችልም። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፣ አዝኖ ነው። ብቻ እባካችሁ ቤተሰቡ ራሱ ሳይለጥፍ አትለጥፉ። ውጪ ያለ ዘመድ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እዛው ያለች ጓደኛዋን ወይ አብራት የምታስቀድስ ሰው ፈልጋችሁ ደውሉና እሷ በአካል ሄዳ ትንገራት።

ድንኳን ስትገቡ ምን ትላላችሁ? «እግዚአብሔር ያጥናሽ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ በቃ። አዲስ ነገር ለመናገር አትጨነቁ፣ ሐዘንተኛ ከተናገራችሁት ይልቅ መምጣታችሁን ነው የሚያስታውሰው፣ የሚያምም ነገር ካልተናገራችሁ በስተቀር። የሚያምመውን ልንገራችሁ፣ «አይዞሽ ገና ልጅ ነሽ» (ምን ለማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን)፣ «ለበጎ ነው»፣ «እግዚአብሔር ጥሩውን ነው ቶሎ የሚወስደው» ታዲያ እኛ የቀረነው ምንድን ነን? ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከመጽሐፍ የሚጠቀሰው ነው፣ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ»። ቃሉ ቅዱስ ነው፣ ግን ልብ በሉ፣ ኢዮብ ነው ይሄን ያለው፣ ስለራሱ ልጆች፣ በራሱ አፍ። ጎረቤት መጥቶ አላለለትም። እሱም ቢሆን ምዕራፍ 3 ላይ ስትደርሱ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ታገኙታላችሁ።

ጓደኞቹን ተመልከቷቸው ደግሞ። ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ሐዘኑ እጅግ እንደበዛ አይተው አንድም ቃል አልተናገሩትም ይላል። እሱ ሰባት ቀን በሕይወታቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ ነው ብዬ ነው የማምነው። ከዛ አፋቸውን ከፈቱና ምክር ጀመሩ፣ መጨረሻ ላይ ምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ካቃታችሁ ይሄን አስታውሱ። እኛን በዚህ እንኳን ዝናቡ ረዳን፣ ሐምሌ ነበርና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም፣ አንዱ ሊመክረኝ ይጀምርና ዝናቡ ሲጠነክር ትቶት እጄን ይይዘኛል።

«አታልቅሺ፣ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» የሚሉም አሉ። ጌታ አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሳው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲል እንባውን አፈሰሰ፣ ዮሐንስ 11፥35 ላይ ነው፣ አጭር ናት ለማስታወስ አትከብድም። ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላለም፣ እንዲያውም ለሮሜ ሰዎች ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ነው ያላቸው። ታዲያ አልቅሱ፣ እንባ ካልመጣላችሁ ደግሞ አታስመስሉ፣ ቁጭ በሉ።

ስለ ምግብ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። እኛ ቤት በአምስተኛው ቀን አንድ መሶብ ሙሉ ሻጋታ ደፋን፣ በአሥረኛው ቀን እንጀራ አልነበረም። አንዲት ቆፍጠን ያለች ሴት ደብተር ትያዝ፣ «አንቺ ሰኞ፣ አንቺ የሚመጣው ሐሙስ፣ አንቺ ከአሥራ ሁለቱ በኋላ» ብላ ታከፋፍል። ጾም መሆኑን እዩ፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነውና የጾም ወጥ ነው የሚኬደው፣ ሽሮ ከሆነ ዱቄቱን እንጂ የተሠራውን ብቻ አትውሰዱ፣ ይቆይላቸዋል። ስኳር፣ ቡና፣ ከሰል፣ ሳሙና እነዚህ ምንጊዜም አያሳፍሩም። ሙስሊም ጎረቤት ስላለን ደግሞ ጅማ ላይ ንፍሮና ቡና የሁላችንም ነው፣ ሥጋ ላይ ብቻ እንጠነቀቃለን፣ ይሄን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ብር ከሆነ እጅ ላይ ጠቅልሎ ማስጨበጥ፣ ሩቅ ከሆናችሁ በቴሌብር፣ ግን ልካችሁ «ደረሰሽ ወይ» ብላችሁ ሦስት ጊዜ አትደውሉ። እና ሁሉንም በመጀመሪያው ሳምንት አትስጡ። ግማሹን ለመስከረም አስቀምጡት።

አሁን ወደ አራተኛው ቀን።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንድ ነገር ገረመኝ። ቤተክርስቲያናችን ሣልስት አለች፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ሁላችንም እነዚህን የምናውቃቸው እንደ ፍትሐትና እንደ ድግስ ቀን ነው። እኔ ግን ያኔ ሌላ ነገር ታየኝ፣ አባቶቻችን ሐዘን በሦስት ቀን እንደማያልቅ ያውቁ ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ቀጠሮ የያዙለት። እኛ ነን ሣልስት ላይ የምናቆመው። እንግዲህ ዘዴው ቀላል ነው፣ እነዚህን ቀኖች ስልካችሁ ካላንደር ላይ ሙሏቸው፣ ከዛ በቀኖቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ሂዱ። በአርባው ቀንማ ሰው ይሞላል። ከአርባ እስከ ሰማንያ ያለው አርባ ቀን ነው በረሃው። ለኔ እሱ መካከል ላይ እንቁጣጣሽ ወደቀ፣ የልጆች ምዝገባ ወደቀ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ መስቀል፣ ማንም አልመጣም፣ ረስተውኝ አይደለም፣ «አርባዋን አውጥታለች» ብለው ነው። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼ እነዚህ ቀኖች የሏቸውም፣ እነሱም ቢሆኑ ግን መጀመሪያው ሰሞን ቤቱን በመዝሙር ሞልተው ከዛ እንደኛው ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ካላንደሩ ለሁላችንም ይሠራል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስለመጣችው ሴት ልንገራችሁ። ፊት ለፊታችን የምትኖር ሙስሊም ጎረቤቴ ናት፣ ከዛ በፊት ሰላምታና እሳት ከመለዋወጥ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። ማክሰኞ ከሰዓት ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ ሦስት አቮካዶ በፌስታል ይዛ ገባች። «እንዴት ነሽ» አላለችኝም። ረከቦቱን አውርዳ ሲኒ ስትደረድር አየኋት፣ እኔ ያን ሰሞን ቡና አላፈላም ነበር ምክንያቱም እጄ ዝም ብሎ የሱን ሲኒ ያወጣዋል፣ ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈ ሲኒ ነበረው ሌላ ላይ አይጠጣም። እሷ ሳታውቅ እሱኑ አንስታ ቀዳችልኝ። ምንም አላልኩም፣ ጠጣሁት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጥተን ሲኒውን አጥባ ሄደች። በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣች። እስከ ጥምቀት ድረስ ማክሰኞ አልቀረችም። ያን ዓመት ስለ እግዚአብሔር መልካምነት ከሰማሁት ስብከት ሁሉ እኔን የያዘኝ የማክሰኞው ቡና ነው፣ ነገሩን ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው እንኳን ራሳቸውን ነቀነቁና «እሱ በፈለገው ነው የሚልከው» አሉኝ።

ከዚህ የተማርኩት፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውይልኝ» አትበሉ። አትደውልም። ሐዘንተኛ ምን እንደሚያስፈልገው እንኳን አያውቅም፣ ቢያውቅም ይሉኝታ ይይዘዋል። በእሱ ፋንታ ቀንና ነገር ቆርጣችሁ ተናገሩ፣ «ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ፣ ልብስ እናጥባለን»፣ «ከመስከረም ጀምሮ ልጆቹ ከኔ ጋር አንድ ኮንትራት ባጃጅ ላይ ይሂዱ»፣ «ጤፉን ስጪኝ ወፍጮ ቤት እየሄድኩ ነው»። እምቢ ካለች አንዴ ብቻ አስጨንቋት። ወንዶች ደግሞ፣ እናንተ ድንኳን ከተከላችሁ በኋላ ሥራችሁ ያለቀ ይመስላችኋል፣ ሟች በቤቱ ይሠራው የነበረውን አስቡ እንጂ። የኛ ቤት ቆርቆሮ ሲያፈስ የሚወጣው እሱ ነበር። ነሐሴ ላይ አልጋችን ራስጌ ማፍሰስ ሲጀምር ባልዲ ደቅኜ እተኛ ነበር፣ የእድራችን አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጥተው ባልዲውን አዩትና ምንም ሳይሉ ወጡ፣ በማግስቱ መሰላልና ልጃቸውን ይዘው መጡ።

የወረቀት ነገር አለ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት፣ ቀበሌ ነው የሚኬደው፣ የሟችን መታወቂያ፣ ከሐኪም ቤት የተሰጠ ወረቀት ካለ እሱን፣ የራስን መታወቂያ ይዞ። ያ 30 ቀን እኮ ሰው የራሱን ስም የሚረሳበት ጊዜ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ካልተያዘ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ይንገላቱበታል፣ የወራሽነቱ ከሌለ ደግሞ ባንክ ያለው ብር አይነካም፣ ደሞዝተኛ ከነበረ ጡረታውም እንደዛው። እኔን አንዱ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ፣ አንዴ ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል ተብዬ፣ አንዴ ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል ተብዬ (ስቄያለሁ፣ እውነቴን ነው)። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ቀልጣፋ ወጣት ይመደብ፣ ሁሉንም አምስት አምስት ኮፒ ያድርግ፣ ሐዘንተኛዋን የሚወስዳት ፊርማ ሲያስፈልግ ብቻ ይሁን። እና የሟቹን ሲም ካርድ አትጣሉት፣ አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት፣ ያበደራቸውም ያበደሩትም የሚደውሉት በሱ ነው፣ ባንክም ኮድ የሚልከው በሱ ነው።

ተዝካር ላይ አጭር ልናገር፣ ጠብ ያስነሳል። ሐምሌና ነሐሴ ጅማ ላይ እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው፣ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ለቀማው ከጥቅምት ወዲህ ነው። አርባው ሲደርስ ዘመድ ይሰበሰብና «በሬ ካልታረደ ምን ይባላል» ይላል፣ ያኔ ነው ሰው ያልተለቀመ ቡናውን በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጠው ወይ አራጣ የሚበደረው። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። የኔ ያሉኝ ለነፍሱ የሚሆነው ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ነው፣ አቅምሽ አሥር ነዳይ ማብላት ከሆነ አሥር አብዪ ነው። አሥራ አምስት አበላን፣ ሽሮና ድንች ወጥ። አንዳንድ ሰው አኩርፏል፣ ይኸው እስከዛሬ እዳ የለብኝም።

ልጆች። ሰው ለትንሿ ልጄ አዝኖላት «አባባ አዲስ አበባ ሄዷል» አላት። ባለቤቴ ባጃጅ ነበር የሚነዳው። እሷም በሰፈሩ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወደ በር ትሮጣለች፣ ጅማ ላይ በቀን ስንት ባጃጅ እንደሚያልፍ አስቡት። ሁለት ሳምንት እንደዛ ሆና አላስቻለኝም፣ አስቀምጬ አባባ ሞቷል፣ ሞት ማለት እዚህ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው፣ ነፍሱ እግዚአብሔር ጋ ናት፣ አንድ ቀን እናየዋለን አልኳት። «ዝናቡ አይመታውም?» አለች። አይመታውም አልኩ። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ባጃጁን ማን ይነዳዋል?» አለችኝ። እውነት ስትነግሯቸው እንዲህ ነው፣ የሚጠይቁት እኛ የምንፈራውን አይደለም። እውነቱን በአጭሩ ንገሯቸው፣ «ተኝቷል» አትበሉ፣ ከዛ ማታ መተኛት ይፈራሉ።

ሐዘኑ ላይ ላላችሁት ራሳችሁ ትንሽ ነገር። ኤልያስ በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሲተኛ መልአኩ ቀስቅሶ ምን አለው? «ተነሥተህ ብላ»። እንጎቻና ውሃ ነው ያቀረበለት፣ በላ፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰው። ተግሣጽ የለም፣ ስብከት የለም። አንደኛ ነገሥት 19 ነው። ስለዚህ መብላትና መተኛት መንፈሳዊ አይደለም ብላችሁ አታቅልሉት። መጸለይ አልቻልኩም የምትሉም፣ እኔም አልቻልኩም፣ ወራት ሙሉ የማደርገው ቢኖር ደጁን ተሳልሜ በሩ ጋ ቆሜ አልቅሼ መመለስ ነበር። ዳዊት 87ን አንብቡት፣ በሌላው አቆጣጠር መዝሙር 88 ነው፣ ከመዝሙሮቹ ሁሉ እሱ መጨረሻው ላይ እንኳን አይበራም፣ በጨለማ ነው የሚዘጋው፣ ሆኖም ቤተክርስቲያን ከዳዊቱ አላወጣችውም። እንደዛም አድርጎ እሱ ፊት መቆም ይቻላል ማለት ነው።

ሳምንታት አልፈው ሰውየው አሁንም የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ልጆቹን የማያይ፣ «ልከተለው» የሚል ከሆነ ግን ብቻውን አትተዉት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበሉንም ያዙ መድኃኒቱንም ያዙ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ «እምነት ካላት ሐኪም ምን ያደርግላታል» የሚል ዘመድ ካለ ጥርሱን ሲያመው የት እንደሚሄድ ጠይቁት።

መጨረሻ፣ ስሙን ጥሩት። ዓመት ሲጠጋ ሰው ስሙን ማንሳት ይፈራል፣ እንዳያስታውሰኝ ብሎ፣ እኔ የረሳሁ ይመስል። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሰሞን ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ያዝኩ፣ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «የእንትና ባለቤት አይደለሽ?» አለኝ፣ በስሙ። አዎ አልኩት። አንድ ክረምት አዌቱ ድልድይ አካባቢ ጭቃ ይዞት ባለቤቴ ተሳፋሪውን አስወርዶ ሊገፋለት እንደመጣ፣ ሲገፋ አዳልጦት ሙሉ በሙሉ ጭቃ ውስጥ እንደተዘረጋ፣ ከዛ በዛው ልብስ ተሳፋሪውን ጭኖ እንደሄደና ሰውየው ደግሞ ለቃለ መጠይቅ የሚሄድ ባለ ከረባት እንደነበረ ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ ትዝ አለኝ፣ ወደቅኩ ብቻ ነበር ያለኝ፣ ስለ ባለ ከረባቱ አልነገረኝም። ሳቅኩኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብዬ። ቤት ድረስ አወራኝ፣ ሒሳብ ስሰጠው አልተቀበለኝም።

እንዲህ አይነት ወሬ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡናውን እሷ ታፈላዋለች።